መሃይምነት የጠፋበት ቀበሌ

ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በየካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው የቀበሌያችን አዳራሽ፣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ እንደ መሆኔ የታዘዝኩትን ዜና አነበብኩ፦ «በቀበሌያችን መሃይምነት ከነሥሩ ተነቅሏል፤ በዓሉም በመጪው እሑድ ይከበራል።»

ጭብጨባው ሳያባራ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እየሸጡ የሚያድሩ አንዲት ተማሪዬ ተነሡ።

«እኔ ገና ‹ተ› ላይ ነኝ» አሉ። «ልጄ ከግንባር የላከልኝን ደብዳቤ በራሴ ዓይን ሳላነብ ትምህርቱ እንዳይዘጋብኝ።»

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገለጠ። «እማማ፣ እዚህ ላይ እኮ አልፈዋል።»

«መቼ ተፈተንኩና?»

«ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል ከተላከ ሳምንቱ ነው። እርስዎን ብናስተምር መሃይም አለ ማለት ነው፤ የለም ብለናል።»

«ታዲያ እኔ ማን ነኝ?»

«የተማሩ እናት!» አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ያነበብኩትን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

እሑድ የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለው ወደ እኔ መጡ።

«ምን ይላል?»

«ማንበብ ይችላሉ ይላል።»

ደብዳቤውን ከጉያቸው አወጡ። ላንብብልዎ ብላቸው፣ «የልጄን ቃል ከሰው አፍ አልሰማም» ብለው ወደ ጉያቸው መለሱት።

ትምህርቱ እንደ ተዘጋ ቀረ። ደብዳቤውን አንብበውት እንደ ሆነ አላወቅሁም።