በ«ኢን» እና በ«ፍሮም» መካከል

«መስተዋድድ» የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በካርቶን ፋብሪካው የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ። አንድ ቀን ለውጭ አገር ዕቃ አቅራቢ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ጫር አድርጌ ብወስድላት፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ አየችኝና «‹ዲስከስ› ‹አባውት›ን አይወድም» አለችኝ።

«ማን ነው የማይወደው?»

«ግሡ ነዋ። እኛ ‹ስለ ዕቃው ተወያየን› ስለምንል ‹ስለ›ን ተሸክመንበት እንገባለን። እንግሊዝኛው ብቻውን ነው የሚሄደው።»

«እኔ ምን አገባኝ! ዕቃው ይምጣልኝ እንጂ» ብዬ ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችና መለሰችልኝ። መስተዋድድ አልኳት፤ በሳምንቱ የበሩ ዘበኛ ሳይቀር እንዲያ ይላት ጀመር።

አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት የጨረሰች ልጅ ነበረች። ልትቀጥል ስትል አባቷ ሞተና ታናሽ እህቷን ለማሳደግ ሥራ ገባች። ትምህርቱ በዚያው ቀረ፤ እንግሊዝኛው ግን አልለቀቃትም። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነበራት፤ በግራ በኩል ግሡ፣ በቀኝ በኩል ከኋላው የሚከተለው መስተዋድድ፣ ከሥር ምሳሌ። ምሳ ሰዓት ሌላው ሰው ሲያማ እሷ ደብተሯን ታገላብጣለች።

አራት ሥራ አስኪያጆች በእጇ አለፉ። አራቱም የእሷን እንግሊዝኛ በራሳቸው ፊርማ ላኩ። አንደኛው እንዲያውም «ደብዳቤዎችህ እንዴት ያምራሉ» ተብሎ ውጭ አገር ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ተወሰደ። ሲሰናበት ለእሷ የሰጣት የግድግዳ ሰዓት ነው። የውጭ ግንኙነት የሚባል ቦታ ተከፍቶ ስታመለክት ዲፕሎማ የለሽም አሏት። ቦታው የሥራ አስኪያጁ የአጎት ልጅ ለሆነ ሰው ተሰጠ። የሹመት ደብዳቤውን የተየበችው እሷ ናት፤ ረቂቁ ላይ ሁለት ስህተት አግኝታ አርማ።

የእህቷን ባል ፋብሪካ ያስቀጠረችውም እሷ ናት። ዝምተኛ፣ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር፤ ሦስተኛው መቁረጫ ማሽን ላይ ተመደበ። በዚያ ማሽን ቢላዋ ፊት የብረት መከለያ ነበረ። መከለያው ተሰነጠቀና የጥገና ሰዎች ፈተው ወሰዱት። አዲስ እንዲታዘዝ የሚጠይቅ ቅጽ እኔ ዘንድ መጣ፤ እኔም ወደ ላይ አስተላለፍኩት። «ይቆይ» የሚል ተጽፎበት ተመለሰ። አርባ ቀን ቆየ።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ቢላዋው የቀኝ እጁን አራት ጣቶች ወሰደ።

ለዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት መሄድ ነበረበት። የቴክኒክ ክፍል ኃላፊው በገዛ እጁ ሁለት ገጽ ጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ያን ጊዜ እህቷ ሆስፒታል አልጋ ሥር ተቀምጣለች፤ እሷም ሌሊቱን እዚያ አድራ ነው የመጣችው።

«መከለያውን ለሥራ እንዲቀለው ራሱ ነው ያነሳው። እንደዚያ ነው ያልኩት። እንግሊዝኛውን ብቻ እይልኝ» አላትና እዚያው ቆሞ ሲጋራውን ፈለገ።

የሚዋሸው ውሸት አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር ያለው። «የመከለያው አለመኖር ከሠራተኛው ጥፋት የመጣ ነው» ለማለት ፈልጎ ነው። «ሪዘልት» የሚባለው ግስ «ፍሮም» ሲከተለው «ከዚህ መጣ» ማለት ነው፤ «ኢን» ሲከተለው «ይህን አስከተለ» ይሆናል። ሰውዬው ሳያውቅ «ኢን» ብሎ ጻፈ። እንግዲህ ወረቀቱ የሚለው «የመከለያው አለመኖር የሠራተኛውን ጥፋት አስከተለ» ነው። እውነቱም እሱ ነበር። ሊዋሽ ተቀምጦ፣ እንግሊዝኛ ባለማወቁ፣ እውነቱን ጽፎ ቁጭ!

ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዉ አልተጣመመ፣ ዓይን አይወጋ። እንዳለ ቢሄድ ማንም «ምነው ዝም አልሽ» አይላትም ነበር። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ልዩነቱን የሚያውቅ ከእሷ በቀር አንድ ሰው አልነበረም።

«እስክሪብቶውን ያዝኩና ቆየሁ» አለችኝ ኋላ። «ቆየሁ፣ ቆየሁ፣ ከዚያ እጄ ሄደ።»

«ኢን»ን ሰርዛ በላዩ «ፍሮም» ጻፈች። ኃላፊው ወረቀቱን አንስቶ አየና «ኧረ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» አላት።

ዋናው መሥሪያ ቤት ጥያቄ አልጠየቀም፤ ሰውም አልላከም። ጥፋቱ የሠራተኛው ነው ተባለና እጁ ሳይድን የስንብት ደብዳቤው ደረሰው፤ ካሳም የለ። ባልና ሚስት የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቦርድ ዘንድ ከሰሱ። ፋብሪካው ፋይሉን እንዲያቀርብ ሲታዘዝ፣ መዝገብ ቤት ያለው ሰው የመጨረሻውን ሪፖርት ብቻ መለየት ሰነፈና ረቂቁንም አብሮ ኮፒ አደረገው። ኮፒው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀይ እርማቷ አይለይም። ቢሆንም እህት የእህቷን እጅ አታጣውም፤ ፊደል ያስቆጠረቻት በዚያ እጅ ነው።

እህቷ ቅዳሜ ጠዋት መጣች። አልተቀመጠችም። ወረቀቱን ዘረጋችው።

«እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ልጄን አስነበብኳት። መዝገበ ቃላት አገላብጣ ነገረችኝ። በፊት የነበረው ቃል እሱን ነጻ የሚያወጣ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው።»

«ታዲያ ለምን ነካሽው?»

«ሰውዬው ማለት የፈለገው እሱን አልነበረም። ስህተት ነበር።»

«ስህተት!» አለች እህቷ። «የኔ ባል እንጀራ ከሚቀር፣ የሰውዬው እንግሊዝኛ ቢቀር ምን ነበረበት?»

እህቷ ወረቀቱን እዚያው ትታ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ «እትዬ» ብላ ጠርታት አታውቅም።

ሰኞ መስተዋድድ መጋዘን መጣች። በሩን ዘጋችና «የመከለያው መጠየቂያ ቅጽ አንተ ዘንድ አለ። ስጠኝ» አለችኝ። «ለዋናው መሥሪያ ቤት በራሴ ስም ልጽፍ ነው። ማስረጃ ከሌለኝ ወሬ ነው የሚሉት።»

ቅጹ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። «ይቆይ» የሚለውም፣ ከሥሩ ያለው ፊርማም፣ ቀኑም። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ጡረታዬ ሊደርስ አራት ዓመት ቀርቶታል። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና «ጠፍቷል» አልኳት። «ባለፈው ወረቀት ስናቃጥል አብሮ ሄዷል መሰለኝ።»

ዓይኔን አየችኝ። መዋሸቴን ያወቀች ይመስለኛል። አልተለማመጠችኝም፤ አመስግናኝ ወጣች። ያቺ ምስጋና እስከ ዛሬ ታሳክከኛለች። በእሷ ላይ ከፈረዱት ሰዎች መካከል እኔም ነበርኩ እኮ! በሻይ ሰዓት «ደግሞ ለመስተዋድድ ብላ የሰው እንጀራ ትዘጋ?» ስል የሰሙኝ ብዙ ናቸው።

ደብዳቤውን ያለ ማስረጃ ጻፈችው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በራሷ ስም የላከችው የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ደብዳቤ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ስለ ግልጽ አጻጻፏ አመስግነው፣ ጉዳዩን ወደሚመለከተው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መርተነዋል ይላል። ሥራ አስኪያጁ አስጠራት።

«ባለፈው አርመሽ የሰጠሽን አንቺ ነሽ፤ ዛሬ ስህተት ነው የምትይው አንቺ ነሽ። የትኛውን እንመን?» አላት።

ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት። መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ መብራት ይበራበታል። ቦርዱም ማስረጃ የለም ብሎ ክሱን ዘጋው። በእሷ ቦታ የሥራ አስኪያጁ ዘመድ የሆነች ልጅ ገባች፤ ይሁን፣ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ መስተዋድድ ሲመጣባት ያገኘችውን ትሰካለች።

አንድ ቀን የድሮ ሰነድ ፍለጋ ወርጄ ሳለ መስተዋድድ ጠየቀችኝ። «አሁን ደብዳቤውን ማን ያርማል?»

«ማንም» አልኳት።

«ዋናው መሥሪያ ቤት አልተቆጣም?»

«ምን ይቆጣል! እንደ ድሮው ይመልሳል። እነሱም እንዳሻቸው ነው የሚጽፉት።»

የያዘችውን ፋይል አቧራ አራገፈች። «ሠላሳ ዓመት» አለች።

ጡረታ ከወጣች በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋትና አብረን ትንሽ ሄድን። የእህቷ ባል የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኗል። በየወሩ ትጠይቃቸዋለች። እህቷ ሻይ አቅርባ ጓዳ ትገባለች፤ እስክትሄድ አትወጣም። የሚያጫውታት እሱ ነው።

«ምን ይልሻል?» አልኳት።

«‹እትዬ፣ ሥራዎ ነው፤ ምን ያድርጉ› ይለኛል። በግራ እጁ ብርጭቆውን ያቀርብልኛል። ቢሰድበኝ እኮ ይሻለኝ ነበር።»

«ግን ለምን አረምሽው?» አልኳት። ከዚያ በፊት ደፍሬ ጠይቄያት አላውቅም።

«ስህተት አይቼ ማለፍ ስለማልችል ነው እል ነበር» አለች። «አሁን ግን እንጃ። ሰውዬው ከፊቴ ቆሟል፤ ምናልባት ፈርቼ ነው። ምናልባት ደግሞ ‹አንቺ ባትኖሪ› እንዲለኝ ፈልጌ ነው።»

ታክሲዋ መጣ። እጄን ጨብጣኝ ገባች።