ተለቅሶለት የመጣው አባቴ

አባቴ በቁሙ ተለቅሶለታል። በደርግ ጊዜ ከሆሳዕና ገበያ ታፍሶ ለውትድርና ወደ ሰሜን ተወሰደ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ቆስሎ የተመለሰ አንድ የሌሞ ወረዳ ሰው "ሲወድቅ አይቼዋለሁ" ብሎ መርዶ ነገረ፤ አያቴም ድንኳን አስጥላ አለቀሰች። መንግሥት ሲለወጥ ግን አባቴ በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ከስቶና ጠቁሮ መጣ። አያቴ ከእንሰቱ መሀል ብቅ ሲል ስታየው ቁጭ አለችና እግሩን ዳሰሰች አሉ።

እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። የማውቀው አባት ዝምተኛ ነው፤ ከኋላው ሲጠሩት ይደነግጣል።

ታናሽ ወንድሜ ሥራ ሲያጣ ወታደር ቤት ገባ። ብዙም ሳይቆይ የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። "ኔትወርክ ወደሌለበት ልንሄድ ነው፤ ለእማዬ ንገሪልኝ" ብሎ ደወለልኝ። ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የለም።

ሰላም ተፈረመ ተባለ። የጎረቤት ልጆች፣ አንዳንዱም በክራንች፣ ተመለሱ። ከወንድሜ ጋር የነበረ የሺንሺቾ ልጅ ቤታችን ድረስ መጥቶ አንገቱን እንደደፋ "ከነበርንበት ተራራ የወረድነው ጥቂት ነን" አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለቅሶ እንቀመጥ ሲሉ አባቴ እምቢ አለ።

"እኔስ ተለቅሶልኝ አልነበረም እንዴ? መጣሁ አይደል?"

እናቴ ግን የሰው ለቅሶ ማሳደድ ጀመረች። የማታውቀው ሰው ሲሞት እንኳ በጋሪ ተሳፍራ ትሄድና ከባለቤቶቹ በላይ ትጮሃለች። አንድ ቀን ላመጣት ስሄድ የሟች እህት ጠጋ ብላ "እናትሽ በየት በኩል ነው የሚዘመዱን?" አለችኝ። የእናቴን ክንድ ይዤ ወጣሁ።

ያን ቀን ቤት እንደገባን፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ አባቴ ፊት ቆመች።

"እርሜን ላውጣ" አለችው።

"ቢመጣስ?"

"አንተን መጣ ይሉሃል። እኔ ያገባሁት የመጣውን ነው። እናትህ ግን እስክትሞት ድረስ የሄደውን ልጇን ስትፈልግ ነው የኖረችው።"

አባቴ ተነሥቶ ድንኳኑን ከእድር ሊያመጣ ራሱ ሄደ።

እናቴ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። አባቴ አላለቀሰም። ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ፣ ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር ቀና እያለ የመጣውን ሰው ፊት ያያል። እኔም አጠገቡ ሆኜ፣ ሳይታወቀኝ፣ አብሬው አይ ነበር።