እያወቅኩ የነፋሁት ፊሽካ

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። ለሟች ባለቤቴም አልነገርኳትም። እናንተ የምታነቡት እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን ፍረዱ።

መርካቶ ውስጥ ኳስ የሚወድ ሽማግሌ ሁሉ ያውቀኛል። በወጣትነቴ በግራ መስመር ስሮጥ ማልያዬን የያዘ ተከላካይ ሞልቷል፣ እኔን የያዘ ግን የለም። ጉልበቴ ሲጎዳ ዳኛ ሆንኩ። ማንም አላስተማረኝም። ከአራተኛ ክፍል በላይ ሳልማር የእንግሊዝኛውን የጨዋታ ሕግ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ፣ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ በቃሌ ያዝኩት። «እሱ ተሳስቶ አያውቅም» ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኩት።

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ ዛሬ ሕንፃ በቆመበት ሜዳ ላይ፣ የሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ከማል የሚባል ወጣት ተከላካይ ነበረ፤ የአንድ ትልቅ ክለብ አሠልጣኝ እሱን ሊያይ መጥቶ ከመስመሩ ዳር ተቀምጧል። ይህን ሜዳው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ከእረፍት በኋላ ታደለ የሚባለው የተጋጣሚው አጥቂ ኳስ ይዞ ሲገባ ሁለት ተከላካዮች አብረው ተንሸራተቱበት። አቧራው ተነሳ። እኔ ጉልበቴ እያመመኝ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። ስደርስ ታደለ እግሩ ተሰብሮ ይጮሃል፤ ከአጠገቡ የሚነሳው ከማል ነው። ቀይ አወጣሁበት።

«ጋሼ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም! ጫፉን አልነካሁትም!»

«ውጣ!» አልኩት።

ካርዱን ወደ ኪሴ ሳልመልስ ሌላውን ተከላካይ አየሁት። ካልሲው ላይ ደም አለ። አንገቱን ደፍቶ ከሰው ኋላ ይሸሸጋል። ያን ጊዜ አወቅኩ።

በደሌ መሳሳቴ አይደለም። ዳኛ ይሳሳታል። ጨዋታው እንደገና እስካልተጀመረ ድረስ ግን ዳኛ ውሳኔውን መለወጥ ይችላል፤ ይህን ሕግ እንደ ስሜ አውቀው ነበር። ታደለን ተሸክመው እስኪያወጡት ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ከማልን በእጄ ጠቅሼ መመለስ እችል ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ቅጣት ምቱ ቶሎ እንዲመታ አጣደፍኩና ነፋሁ። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም፤ የነፋሁትም መመለሻ እንዳይኖር ብዬ ነው። ለምን? «ተሳሳተ» እንዳይሉኝ። ለዚህች ብቻ። አቧራው ነው ልበል? ጉልበቴ ነው ልበል? አቧራ ፊሽካ አይነፋም። የነፋሁት እኔ ነኝ።

አሠልጣኙ ተነስቶ ሱሪውን አራግፎ ሄደ። ከማል ክለብ ሳይገባ ቀረ። ከዚያ የከፋው ግን የስሙ ነገር ነው። የታደለ እግር በደንብ አልገጠመም፤ ዛሬም ያነክሳል። እናቱ እትዬ አስካለ ከማልን መንገድ ላይ ባዩት ቁጥር «እግር ሰባሪ!» ይሉታል። ከማል ዛሬ ሰባተኛ በሚባለው የመርካቶ ሰፈር ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጥ የተከበረ ነጋዴ ነው። ሆኖም ተሸካሚዎቹ እንኳ ሲቀልዱ «ከሱ ጋር ኳስ የሚጫወት እግሩን ቤቱ ትቶ ይምጣ» ይላሉ። እኔ በሱቁ ፊት ላለማለፍ በጭድ ተራ ስዞር አረጀሁ።

ባለፈው ወር የሰፈሩ የድሮ ተጫዋቾች ካባ ሊያለብሱኝ ተነሱ። ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩ። የሚያለብሰኝ ከማል መሆኑን ስሰማ ግን ምግብ አልወርድ አለኝ። በበነጋው ሱቁ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት።

«እንደተሳሳቱማ አውቃለሁ፤ ለሱ ይቅር ካልኩዎት ቆየሁ» አለኝ። ከዚያ የያዘውን ብርድ ልብስ አስቀመጠ። «እያወቁ ነው የነፉት?»

«እያወቅኩ ነው።»

«እንግዲያው ሱቅ ውስጥ አይንሾካሾኩልኝ፣ ጋሼ። እትዬ አስካለ ባሉበት ይናገሩት።»

የካባው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከማል ካባውን ይዞ አጠገቤ ቆመ። ማይክሮፎኑን ተቀብዬ እዚህ የጻፍኩትን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ብዙ ጎበዝ አውቃለሁ፤ ካባው ፊቱ ተዘርግቶለት እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ግን አላየሁም። ከኋላ አንዱ «ወይ ጋሼ! እርስዎም?» አለ።

እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። ወደ እኔ የሚመጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አልፈውኝ ከማል ጋ ደረሱ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስረግምህ ምነው ዝም አልከኝ?»

«መቼ ዝም አልኩ፣ እትዬ? እርስዎ መቼ ሰሙኝና!»

ትከሻውን ሳሙት። ታደለ እያነከሰ መጣና ካባውን ከከማል እጅ ተቀብሎ መልሶ ከማልን አለበሰው። ያን ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። በሕይወቴ ሙሉ ብዙ ተጨብጭቦልኛል፤ ለኔ ያልሆነ ጭብጨባ እንደዚያን ቀን አስደስቶኝ አያውቅም።

ስወጣ ከማል ተከተለኝ። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ዛሬ አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ፤ ግን ደረጃውን ስወርድ ክንዴን ይዞ ደገፈኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ ይጣፍጠኛል፤ እንቅልፍም ይወስደኛል። ቀሎኛል። እናንተ ግን እኔ ቀለለኝ ብላችሁ በደሌን እንዳታቀሉልኝ።