መጋጠሚያው የማይታይ ሰማይ

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠዓሊ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብሩሾቻቸውን አጥበው በጨርቅ ጠቀለሉና ሣጥን ውስጥ ከተቱ። ሙያውን ለእኔ ሊያወርሱኝ ይፈልጉ ነበር። እኔ ግን ላሊበላ ከተማ ውስጥ ሠርግና መዝሙር የሚቀርጽ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ በኮምፒውተር መሳል ያዝሁ። አልተቆጡኝም።

አንድ ክረምት ለመዝሙር ቪዲዮ፣ ከዘማሪዎቹ ኋላ ቀስ እያለ ወደ ጎን የሚንሳፈፍ የከዋክብት ሰማይ እንድሠራ ታዘዝሁ። ሥዕሉ ስምንት ሰከንድ ሄዶ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል፤ ተመልካቹ ግን ማለቁን ማወቅ የለበትም። የኔው ሰማይ በየዙሩ ያስታውቅ ነበር። የሥዕሉ ቀኝና ግራ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ እንደ ስንጥቅ ሆኖ ያልፋል፤ ዳር ላይ ያሉት ከዋክብትም ለሁለት ተቆርጠዋል። ሦስት ቀን ታገልሁት። በአራተኛው ቀን ፎቶ ቤቱ መብራት ሲጠፋበት ላፕቶፑንና በብዕር የምስልበትን የመሳያ ሰሌዳ ይዤ ቤት ገባሁ።

አባቴ ከኋላዬ ሆነው ሲያዩ ቆዩና፣

«እዚች ላይ ተተርትሯል» አሉ።

«አዎ አባባ። አንዱን ዳር ሳስተካክል ሌላው ይበላሽብኛል።»

«ዳር ላይ ሆነሽ እንዴት ይሆንልሻል? እኛ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል አንድ ጨርቅ አልበቃ ብሎት ሁለት ሲሆንብን፣ ጎን ለጎን ወጥረን መጋጠሚያውን ፊታችን አድርገን ነበር የምንስለው።»

ሥዕሉን በግማሽ ወደ ቀኝ ገፋሁት። በቀኝ የወጣው በግራ ገባ፤ ሁለቱ ጫፎች መሃል ላይ ተገናኙ፤ ስንጥቁም ፊት ለፊቴ ቆመ። የተቆረጡትን ከዋክብት አጠፋሁና የመሳያ ሰሌዳውን ጭናቸው ላይ አድርጌ ብዕሩን አቀበልኋቸው።

«እጄ ያበላሽብሻል» አሉ።

«ቢበላሽ ይጠፋል፤ እንደ ቀለም አይደለም።»

ትንፋሻቸውን ውጠው አንዲት ኮከብ ሣሉ። ጠርዟ ተንጋደደ። ብዕሩን ሊመልሱልኝ ሲሉ፣ «ይጨምሩ እንጂ» አልኋቸው። ጨመሩ። በመጨረሻ ስንጥቁ በእሳቸው ከዋክብት ተሸፈነ።

ሰማዩን አስኬድሁት። ሁለታችንም መገናኛውን በዓይናችን ስንጠብቅ፣ ሳናየው አልፎ ደጋግሞ ዞረ።

«የቱ ጋ ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔም ጠፋኝ።»

ፈገግ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። እጃቸው እዚያው ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤት እየመጡ አጠገቤ ይቀመጡ ጀመር። ሰማያዊው የበዛ ሲመስላቸው «አቅጥኚው» ይሉኛል። አንዳንድ ቀን እከራከራቸዋለሁ፤ አብዛኛውን ቀን ግን አቀጥነዋለሁ።