ከእኔ ሰላምታ ኋላ ያለው ጩኸት

ተጫዋቹ የሌላ ሰው ሚና ይዞ የሚጓዝባቸውን የኮምፒውተር ጨዋታዎች የጀመሯቸው ጋራዥ ውስጥ የተደበቁ የአሜሪካ ጎረምሶች ናቸው ይባላል። ውሸት ነው። ቢያንስ አንዱን የሠሩት አገር ቤት ሂሳብ ያስተምሩ የነበሩ፣ ኋላ ሆላንድ፣ ሆግቭሊት የሚባል ሰፈር ውስጥ ቢሮ ያጸዱ የነበሩ የሃምሳ ዓመት ሰው ናቸው። አውቃለሁ፤ ሥራቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ውስጥ ከእሳቸው ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ መምህር እላቸዋለሁ። እኔ ተማሪ ነኝ ባይ ነበርኩ፤ አንዱን መጽሐፍ ሳልጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ፣ ቁጭ ብሎ መዋል አይሆንልኝም። መምህር ግን ከሥራ ሲገቡ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ኮምፒውተራቸው ፊት ይሰየማሉ። ጨዋታቸው ውስጥ ዘንዶ የለም፣ ልዕልትም የለችም። ተጫዋቹ ነጋዴ፣ ዲያቆን ወይም ከጦር የከዳ ወታደር ሆኖ ኬላ በኬላ እያለፈ ወደ ድንበር ይጓዛል። ጉልበት፣ ስንቅና ትዕግሥት በቁጥር ተመድቦለታል። ማሽኑ ፊደላችንን ስለማያውቅ አማርኛውን የጻፉት በላቲን ፊደል ነበር።

“ትዕግሥቱ ሲያልቅበት ምን ይሆናል?” አልኳቸው።

“እንዳንተ ነዋ! ይሞትና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።”

ያን ጊዜ ለቤተሰብ ደብዳቤ የምንልከው ድምፃችንን ካሴት ላይ እየቀዳን ነበር። አንድ ዓርብ፣ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የምትበር ሴት እንዳለች ሰማሁና ባዶ ካሴት ፍለጋ መሳቢያ ከፈትኩ። ምንም ያልተጻፈበት አንድ አገኘሁ። ሳዳምጠው ያንቋርራል፣ ይጮኻል። የተበላሸ መሰለኝ። ለእናቴ የሩብ ሰዓት ሰላምታ ቀዳሁበትና ለሴትዮዋ አደረስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መምህር ከረባት አስረው መሳቢያውን ይገለብጣሉ። ዞተርሜር ከተማ ያለ የኮምፒውተር ክበብ ጨዋታውን ለማየት ቀጥሯቸዋል፤ አባላቱ ከወደዱት አባዝተው ያሰራጩታል።

“የሚጮኸውን ካሴት ነው?” አልኩ።

“ጩኸቱ እኮ ነው ፕሮግራሙ፣ አንተ ደንቆሮ!” የዚያን ዘመን ኮምፒውተር ፕሮግራሙን የሚያስቀምጠው በድምፅ መልክ ተራ ካሴት ላይ ነበር።

“ቅጂ የለዎትም?”

“ዛሬ ክበቡ ውስጥ ላስቀዳ ነበር።”

ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ዴን ሃግ ከተማ ባቡሩ ቆሞ አልነሣ ሲል ከፉርጎ ፉርጎ ተመላለስኩ፤ ተቆጣጣሪው ጠርጥሮኝ ትኬቴን ሁለት ጊዜ አየ። አምስተርዳም አጠገብ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ሴትዮዋ በርራለች።

ከሁለት ወር በኋላ የእናቴ መልስ በካሴት መጣ። “ድምፅህ ሲያበቃ የሚጮኸው ምንድን ነው? ልጄ፣ ከምን ጋር ነው የምትኖረው?” ለጥንቃቄ ፀበል ረጭታበት ድሬዳዋ ላለችው አክስቴ ልካዋለች። አክስቴም ለጎረቤት አውሳዋለች፤ ለየትኛው እንደሆነ አታስታውስም።

መምህር ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። ለካ ፕሮግራሙን የቀዱት አምስት ቦታ ከፋፍለው ነው። ሰላምታዬ ያጠፋው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ወረቀት ላይ አላቸው። ሌላ ሰው ካልቀዳበት የቀረው አለ ማለት ነው።

ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሲደውሉ ስለ ጤናዬ አይጠይቁም፤ “ተገኘ?” ብቻ ነው የሚሉኝ። እኔም ስልኩን ይዤ ክፍሉን እዞራለሁ።

እናንተ ድሬዳዋ ዘመድ ያላችሁ፣ አሮጌ ካሴቶቻችሁን ዛሬ አውጡና አዳምጡ። አንድ ወጣት እናቱን ሰላም ብሎ ሲያበቃ ማሽን የሚያንቋርርበት ካለ፣ መዝሙር እንዳትቀዱበት። መልሱልን።