ሐያት አላጠፋም ያለችው መስመር

ትናንት ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ መካ፣ ጀርወል ሰፈር ውስጥ፣ የሞተች እህቴ የጻፈችውን አንድ መስመር በእጄ እንዳጠፋ ተጠየቅኩ...

እህቴ ሐያት ጅዳ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ነበረች። ከሥራ ጓደኛዋ ከሱመያ ጋር አንድ ጥናት ጀምረው ነበር። ፀሐይ ላይ ሲሠሩ ውለው በሙቀት ስለሚታመሙ ሰዎች በየአገሩ የተጻፈውን ሁሉ ፈልገው፣ አንድም ሳያስቀሩ ለቅመው፣ ምን እንደሚል ሊያጠቃልሉ። ሳይጨርሱት ሐያት ከረመዳን በፊት ታመመች። ከሆስፒታል አልተመለሰችም።

እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ስለ ጥናት የማውቀው እሷ እራት ላይ የነገረችኝን ብቻ ነው። ፍለጋው ዝም ብሎ ጉግል ላይ እንደ መጻፍ አይደለም። አንዱ ሐኪም «ፀሐይ መታው» ያለውን ሌላው «በሙቀት ዛለ» ይለዋል። ስለዚህ ነገሩ የሚጠራበትን ስም ሁሉ በ«ወይም» እያያያዙ መስመር በመስመር ይጽፉታል። አንድ ስም ከተረሳ፣ በዚያ ስም የተጻፈው ጥናት እንደሌለ ይቆጠራል። ሐያት ሩዟን ትታ «ሌላ ስም ስጠኝ! ሌላስ?» እያለች ታስጨንቀኝ ነበር።

ፍለጋው የተቀመጠው በእሷ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሱመያ ደወለችና «ሥራው ለሕክምና መጽሔት ሊላክ ስለሆነ ይዘህልኝ ና» አለችኝ። አባቴ በመኪናው ከጅዳ መካ እነሱ ቤት አደረሰኝና ታላቁ መስጊድ፣ ሐረም፣ ሊሰግድ ሄደ።

ሳሎን ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለን ከፈትነው። የሱመያ እናት ጥግ ላይ ተስቢሕ እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። ሱመያ የመጨረሻዋን መስመር በጣቷ አሳየችኝ።

«ይቺን አየሃት አብዱዬ? ከእህትህ ጋር የተጣላነው በእሷ ነው።»

«ምን አደረገች?»

«"ድንገት ወደቀ፣ ራሱን ሳተ" የሚለውን ሁሉ ሰብስባ ታመጣለች። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ኳስ ተጫዋች፣ አብራሪ... ያልመጣ የለም። አውጪያት ብላት፣ ሐኪሙ ሙቀት መሆኑን ሳያውቅ "ወደቀ" ብሎ ብቻ የጻፈለት ሠራተኛ አይጠፋም፣ አላጠፋም አለች። "አንቺ ማንበብ ሰንፈሽ ነው!" ብላኝ በሩን ዘግታ ወጣች። አሁን ከመላኩ በፊት ትጥፋ ወይስ ትቀመጥ መወሰን አለብን።»

ሳቅኩ። ሐያት ራሷ ናት።

ከዚያ ግን መቃብሯ ትዝ አለኝ። እዚህ አገር መቃብር ላይ ስም አይጻፍም። ጠጠርና አሸዋ ብቻ ነው። በእጇ የጻፈችውን እንዴት አጠፋለሁ?

«ትቀመጥ በቃ። ማንን ትጎዳለች?» አልኳት።

«እኔም እንድትቀመጥ ነው የምፈልገው፣ ወላሂ። ግን እንፈትናት። ሌሎቹ መስመሮች ያላገኙትን፣ እሷ ብቻ ያመጣችውን እናንብብ። አንድ የሚረባን ጥናት ካገኘን ትቀመጣለች። እኔም ተሸነፍኩ ማለት ነው።»

ጀመርን። እኔ ገጹን እገፋለሁ፣ እሷ ታነባለች።

«የሚጥል በሽታ።»

«ሌላ።»

«የልብ ሕመም።»

«ሌላ!»

በልቤ ዱዓ እያደረግኩ ነበር። አንዴ «የግንባታ ሠራተኛ...» ብላ ስትጀምር ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን። ሰውየው ግን ከፎቅ ነው የወደቀው። ቆየት ብሎ ደግሞ እርሻ ላይ እየሠሩ ስለወደቁ ሰዎች የሚል መጣ። ሱመያ «አልሐምዱሊላህ! አገኘችው!» ብላ እጄን ያዘች። ከዚያ ዝቅ ብላ አነበበች... ድምጿ ቀነሰ።

«የተባይ መድኃኒት ነው የመረዛቸው።»

ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲል ጨረስን። አንድም አልነበረም። ሐያት ተሳስታ ነበር።

«ለማንም አንናገር። ዝም ብለን እንተዋት» አልኳት።

ሱመያ ራሷን ነቀነቀች። «ጥናቱ በእሷም ስም ነው የሚወጣው። ገምጋሚው "ይቺ ለምን ገባች?" ሲል ቆማ የምትከራከር ሐያት የለችም። እኔ ደግሞ ያላመንኩበትን እንዴት ብዬ ልከራከርላት? በሌለችበት እንዲስቁባት አልፈልግም።» ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋችው። «ያላ፣ አንተ አጥፋት። የእኔ እጅ እምቢ አለኝ።»

አጠፋኋት።

አንዲት መስመር ናት። ጠፍታ ለማለቅ ምንም ጊዜ አልፈጀባትም...

ሱመያ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። «አንድ እንኳ! አንድ እንኳ ቢገኝላት ምን ነበረበት?» እናቷ «ተይ ልጄ፣ አላህ ያዘነላት ናት» እያሉ ሊያባብሏት መጡና አብረዋት አለቀሱ። ክርክር አሸንፎ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ወደ ጅዳ ስንመለስ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኩት። መንገድ ላይ ያለችው ባሕራ ከተማ ስንደርስ ዞር ብሎ አየኝ።

«ታዲያ ሱመያ ረታቻታ?» አለኝ።

«ረታቻት አባዬ።»

«ሐያት ይህን ብትሰማ ዛሬ እራት አትበላም ነበር።»

ሳቅን። ከሞተች ወዲህ ሁለታችን አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው። ሳቁ ሳያልቅ መኪናውን ዳር አውጥቶ አቆመና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ...

ተሳስታም፣ አኩርፋም፣ እራት እምቢ ብላም... ብቻ ኖራልን ቢሆን።