«ዕረፍት» ተብሎ የተሰቀለው ባለቤቴ

ባለቤቴን የሣልኩት ሳያውቅ ነው። አውቆ ቢሆን ኖሮ ኮት ይለብስ ነበር።

ዕድሜውን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት የጨረሰ ሰው ነው። ከጎጃም ተዛውሮ መጀመሪያ ካምባ፣ ቀጥሎም አርባ ምንጭ ሲሠራ፣ በዚህ ሁሉ ሙቀት ኮቱን አውልቆ ቢሮ የተቀመጠበትን አንድ ቀን ብቻ አስታውሳለሁ። እሱም እጅጌው ውስጥ ንብ ስለገባበት ነው።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። የአፍሪካን ካርታ ፊቴን ወደ ተማሪዎቹ እንዳዞርኩ፣ ሰሌዳውን ሳላይ እሥል ነበር። ማዳጋስካር ብቻ አንዳንዴ ትርቅብኝ ነበር። ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታ። መጀመሪያ ሙዝ ሣልኩ። እዚህ ሙዝ ሞልቷል፣ ዝም ብሎም ይቀመጣል። ቀጥሎ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ገበያ ወርጄ አሳ የሚሸጡ ሴቶችን ሣልኩ። ጨርሼ ሳሳያቸው አንዷ ሥዕሉን አገላብጣ አየችና አሳው በደንብ አሳ እንደሚመስል፣ እሷ ግን ማንንም እንደማትመስል ነገረችኝ። እውነቷን ነበር። ተመልሼ ወደ ቤቴ መጣሁና ስለ ሰው ፊት ብቻዬን መማር ጀመርኩ።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴን ወባ ያዘው። ወባ ለአርባ ምንጭ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ይመጣል፣ መድኃኒቱ ይዋጣል፣ ይሄዳል። ይሄኛው ግን አልሄድ አለ። ሐኪም ቤት ተኝቶ ከወጣ በኋላም ገና ምሳውን እንደበላ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ሴቻ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሽቦ አልጋ ዘረጋሁለት። ጨንቻ ተሠርቶ የመጣውን ጋቢ እስከ ደረቱ ስቦ፣ እጆቹን ከላይ አጣምሮ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ይተኛል። እኔ አጠገቡ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ወረቀትና የከሰል እርሳስ ያዝኩ። እጁን ሣልኩ። በማግስቱ ግንባሩን። በዚህ ዓይነት ሥዕሉ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የታመመ ሰው እንደ ሙዝ ነው፤ ብዙ አይንቀሳቀስም። ሲነቃ ወረቀቱን ከአትላሴ ሥር አስገባለሁ።

እሱ ድኖ፣ ኮቱን ለብሶ ወደ ዕድሩ ስብሰባ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው ማስታወቂያውን ያየሁት። በባህል አዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል። የሥዕልና የንድፍ ውድድር ይላል። በዓይን የሚታየውን ነገር በሚታወቅ መልኩ የሚያሳይ ሥራ ብቻ እንደሚቀበሉ፣ ሰዉ ሰው፣ ዛፉ ዛፍ መምሰል እንዳለበት፣ ዕድሜና የትምህርት ማስረጃ እንደማይጠየቅ፣ ለማንም ክፍት እንደሆነ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዕድሜዬ ለማንም ክፍት የሆነ ነገር ብዙ አላጋጠመኝም።

አናጺው ጋር ለፍሬም ስሄድ የቀረው ጥቁር ብቻ ነበር። ጥቁሩን አሠራሁ።

ሥዕል የምትመዘግበው ወጣት ሴት ያስተማርኳት ልጅ ሆና ተገኘች። ቅጹ ላይ ተማሪ፣ ጀማሪ፣ ባለሙያ የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉ። የትኛው ነዎት ለማለት አፍራ ብዕሯን ሳጥኖቹ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሰችው። ጡረተኛ ነኝ አልኳት። ጀማሪ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

«ርዕሱስ፣ ቲቸር?»

ርዕስ አላሰብኩም ነበር። ሲተኛ ሰዓቱ ምን ጊዜ እንደነበር አስቤ፣ «የምሳ ዕረፍት» አልኳት። ጻፈችው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ለባለቤቴ ውድድር መግባቴን እንጂ ምን እንዳስገባሁ አልነገርኩትም። ባለጉዳዩ ያልፈረመበት ወረቀት ፋይል ውስጥ መግባት የለበትም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ሁለታችንም ተጠርተናል። ከሴቻ ወደ ታች የሚወርደው ባጃጅ ውስጥ ገብተን ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ፣ የምነግርህ ነገር አለ አልኩት። ሥዕል ማስገባቴን እንደሚያውቅ፣ የምንሄደውም ለዚሁ እንደሆነ መለሰልኝ።

«የተሣለው አንተ ነህ» አልኩት።

ኮሌታውን አስተካከለ። «በየትኛው ልብሴ?» አለኝ።

«በጋቢ።»

ሌላ ነገር ልጨምር ስል ባጃጁ ቆመ።

ሥዕሉ በስተቀኝ ባለው ግድግዳ መሀል ላይ ተሰቅሏል። በአንድ ጎኑ የሐይቅ ጀልባ፣ በሌላው የዶርዜ ቤት ነበር። ከሥሩ በኮምፒውተር የተጻፈ ካርድ ተለጥፏል። ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ የጻፈው ሰው «የምሳ» የምትለዋን ትቷታል። «ዕረፍት» ይላል። ጥቁር ፍሬም፣ ነጭ ጋቢ፣ የተጣመሩ እጆች፣ ከሥሩ ዕረፍት። ከርቀት ሆኜ ሳየው እኔም ክው አልኩ።

ባለቤቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፊት ለፊቱ ቆመ። ከኋላው መቆም ስላልቻልኩ ወደ ዶርዜው ቤት ጠጋ ብዬ ጣሪያውን የማጠና መሰልኩ። በዚህ መሀል ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴትዮዎች መጥተው አጠገቡ ቆሙ። አንደኛዋ ካርዱን አነበበች። ራሷን ነቀነቀች።

«ነፍስ ይማር» አለች።

«አሜን» አለ ባለቤቴ። ጨዋ ሰው ነው፤ ነፍስ ይማር ሲባል አሜን ማለት ለምዶበታል።

ሴትዮዋ ልታጽናናው ዞር አለች። ፊቱን አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ እንደገና ፊቱን አየች።

«ወንድምዎ ናቸው?»

«አይደለም» አላት። «እኔ ነኝ።»

ይቅርታ ጠየቀችው። ግድ የለም አላት። ከዚያ ሁለቱም ሴትዮዎች ወደ ጀልባው ሄዱ፤ ጀልባውንም ብዙ አላዩት።

ቤት ገባን። ኮቱን ሰቀለ፣ ጫማውን ፈታ፣ በረንዳው ላይ ሽቦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ስተኛ እንደዚህ ነኝ?» አለኝ።

«ከታመምክ ወዲህ እንደዚህ ነህ።»

«ቢያንስ አፌን ብትዘጊው ምን ነበረበት?»

ያየሁትን መሣል ነበረብኝ፣ የውድድሩም ደንብ እንደዚያ ነው አልኩት። ደንብ ሲባል ዝም ይላል። ግን መልሱ እሱ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ያልነገርኩትን ነገርኩት። በዚያ ሰሞን ሲተኛ ትንፋሹ በጣም ቀጭን ነበር። አንዳንዴ የሌለ ይመስለኛል። እንዳልነካው ይነቃል፣ እንዳልተወው እፈራለሁ። እርሳስ የያዝኩት ደረቱን ያለማቋረጥ ለማየት ምክንያት ስለሚሆነኝ ነው። ደረቱ ከፍ ሲል አንድ መስመር አሰምራለሁ፣ ዝቅ ሲል እጄን አነሳና እጠብቃለሁ። እንደገና ከፍ እስኪል።

«ጋቢውን ልብ ብለህ እየው» አልኩት። «ከፍ እንዳለ ነው። ትንፋሽ ስታስገባ ነው የሣልኩህ።»

በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ወጣ። የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም። ለካ አዳራሹ ሄዶ ጋቢውን እያየ ነበር። ከዚያም ለምዝገባ ክፍሉ በእጁ ማመልከቻ ጻፈ። ቅጂውን ኋላ አሳይቶኛል። «ጉዳዩ፦ የርዕስ እርማት ስለመጠየቅ» ይላል። አመልካቹ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ግለሰብ መሆኑን፣ በሕይወት መኖሩን፣ ርዕሱ በመጉደሉ የተሳሳተ ግንዛቤ መፈጠሩን ያትታል። መዝጋቢዋ ልጅ ካርዱን የሚያሳትመው ሰው ለመስክ ሥራ እንደወጣ ነግራው ራሷ በእስክሪብቶ «የምሳ» ብላ ከላይ ጨመረችበት። እስክሪብቶው ቀጭን ስለነበር ከቅርብ ካልሆነ አይታይም። ባለቤቴ ይህን ስላየ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ከሥዕሉ አጠገብ ቆመ። ሰው ጠጋ ሲል ተኝቶ እንደሆነ ያስረዳል። ትንፋሹንም ያሳያል። ለእኔ ግን ለእግር ጉዞ እንደሚወጣ ነበር የሚነግረኝ።

አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ባለቤቴ ከፈተ። ካምባ አብረውት ይሠሩ የነበሩ ባልደረባው ጥቁር ሻሽ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ቆመዋል።

እኒህ ሰውና ባለቤቴ ከተነጋገሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለቤቴ ከካምባ ሲዛወር የመዝገብ ቤቱን ቁልፎች ያስረከባቸው በርክክብ ቅጽ ነው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ አስፈርሟቸዋል። ባልደረባው ወንድሜ አላመነኝም ብለው ተቀየሙ። ባለቤቴ ደንብ ነው አለ። በዚሁ ቀረ። ለጉዳይ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ የካምባ ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ ሥዕሉንና ካርዱን አይቶ ወሬውን ይዞ ተመልሷል። እሳቸውም ለሞተ ሰው ስልክ አይደወልም ብለው ሳያጣሩ በአውቶቡስ መጡ።

በሩ ላይ ሁለቱም ቆመው ቀሩ። እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ። ባልደረባው ዓይናቸው ቀልቷል፤ መንገዱን ሙሉ እንዳለቀሱ ያስታውቃል።

«ሞተሃል ተብዬ ነው የመጣሁት» አሉ።

«አልሞትኩም» አለ ባለቤቴ። ቀጥሎም፣ «ግባ» አላቸው።

ገቡ። ምግብ አቀረብኩ። መጀመሪያ ላይ ስለ አውቶቡሱ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ቆየት ብለው ባልደረባው ለቅሶ ባይሆን እንደማይመጡ ነገሩት። ባለቤቴም ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እሄዳለሁ እያለ እንደነበር፣ ኩራት እንደያዘው ነገራቸው። ይህን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ስለ ቁልፎቹ ተነሳ። አንደኛው ቁልፍ የሚከፍተው ነገር እንዳልነበረ ባልደረባው ነገሩት፤ ባለቤቴ ያንን አያውቅም ነበር። ያለ ምክንያት ተፈርሞበታል። ባለቤቴ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። እሳቸው ጥቁሩን ሻሽ ፈትተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና እስከ ውጤቱ ቀን እንደሚቆዩ አሳወቁን።

በውጤቱ ቀን ሁለቱም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንደኛ የወጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የጀልባው ሥዕል የእሱ ነበር፤ ይገባዋል፤ ውኃው የአባያን ቡናማ ቀለም በትክክል ይዟል። እኔ ሦስተኛ ወጣሁ። ከዳኞቹ አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ሠዓሊ ነው፤ የዳኞችን አስተያየት ማንበብ ጀመረ። የእጆቹ አሣሣል ጥንካሬ እንዳለው፣ ግራ ጆሮ ከቦታው ትንሽ ወደ ላይ እንደወጣ አነበበ። ቀጥሎም ሥራው ሞትን ያለ ፍርሃትና ያለ ጩኸት ያሳየ ነው አለ።

ባለቤቴ እጁን አወጣ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ።»

ሽልማት ላይ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ስላልተለመደ የመድረኩ መሪ ምን እንደሚል ጠፋው፤ ቀጥል አለው። ባለቤቴ ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ።

«በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው እኔ ነኝ» አለ። «በሕይወት አለሁ። በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ባልደረባውም ከተቀመጡበት ሆነው ምስክር እንደሆኑ አረጋገጡ። ዳኛው ወረቀቱን አጠፈና ስሜን ብቻ ጠርቶ የምስክር ወረቀትና አንድ ሳጥን የዘይት ቀለም ሰጠኝ። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ አጠገቤ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ቅን ልጅ ስለሆነ፣ ሰውየው የተኛ መሆኑን ቢያውቁ ምናልባት አራተኛ ያደርጉኝ እንደነበርም ጨመረልኝ። ስለ ጆሮው ትክክል ነህ አልኩት። ጆሮውን የሣልኩ ቀን ዝንብ ራሱን እያስነቀነቀው ሁለት ጊዜ ነው የሣልኩት።

ባልደረባው በማግስቱ ሊሄዱ ሲነሱ ሥዕሉን ስጡኝ አሉ። እንግዲህ ለቅሶ ደርሼ ባዶ እጄን ልመለስ ነው ወይ አሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ የእኔ ሥራ ስለሆነ እኔ እንድወስን ነገረኝ። ማዘኔን ደብቄ ሰጠኋቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ደረት ስትጠብቂ ከርመሽ ለሌላ ሰው ቤት መስጠት ቀላል አይደለም። ባለቤቴ የርክክብ ቅጽ ሊያዘጋጅ ወረቀት ሲፈልግ አይቼ ብዕሩን ደበቅኩበት።

ሥዕሉን በጋቢ ጠቅልለው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ማታ ደውለው ደህና መግባታቸውን ነገሩን። መንገድ ላይ ጋቢው ሲገለጥ ሦስት ሰዎች አጽናንተዋቸዋል፤ ለማስረዳት ቢደክማቸው እግዜር ይስጥልኝ ብለው ተቀብለዋል። ሳሎን ሰቅለውት ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ እያደረገ ስላስቸገረ ባለቤታቸው ወደ መኝታ ቤት እንዲዛወር አድርገዋል። አሁን በየእሁዱ ይደውላሉ። ባለቤቴ በስልክ ተነጋግሮ እስኪጨርስ እኔ በዘይት ቀለሙ ሙዝ እሥላለሁ፤ ቢጫው ቶሎ ያልቃል።